የሳህኑ ቀለበት የሚለውና የማይለው፦ ስለ መድኃኒት ዕፅዋትና አንቲባዮቲክ ለተሠራጨው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ በአንድ ቀን ውስጥ ከሦስት ሰዎች ደረሰኝ። ከላኪዎቹ አንዷ እናቴ ስትሆን፣ «ይኸው፣ እኔ ስለፈልፍ የኖርኩትን አሁን በላብራቶሪ አረጋገጡልኝ» የሚል ቃልም አክላበታለች። የዕለት ሥራዬ ባክቴሪያን በሳህን ላይ አብቅሎ መድኃኒት ሲነካው የሚሆነውን መመልከት ስለሆነ፣ ለእናቴ በስልክ የጀመርኩት መልስ እየረዘመ ሄዶ እዚህ ደረሰ።

አስቀድሜ ጽሑፉ የሚለውን ሳላጣምም ላቅርብ። ጸሐፊው የሚነሡት ከአንድ ፎቶና ከአንድ ሠንጠረዥ ነው። በፎቶው ላይ ባክቴሪያ የለበሰ ሳህን ይታያል፤ የቅጠል ንጥር በተጨመረበት ጉድጓድ ዙሪያ 24 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የጠራ ቀለበት ተፈጥሯል፤ ከጎኑ የተቀመጠው የአንቲባዮቲክ ወረቀት ግን 19 ሚሊ ሜትር ብቻ አጥርቷል። ከዚህ ተነሥተው አምስት ነገር ይላሉ። ቅጠሉ ከአንቲባዮቲኩ ይበረታል፤ በሳህን ላይ የገደለ በሰውነት ውስጥም ይፈውሳል፣ ለዚህም የትውልድ ልምድ ምስክር ነው፤ ተፈጥሯዊ ስለሆነ ጉዳት የለውም፤ ብዙ ንጥረ ነገር በአንድነት ስለያዘ ባክቴሪያ ሊላመደው አይችልም፤ ይህ ሁሉ ሆኖ ወደ ሆስፒታል ያልገባው የውጭ መድኃኒት ኩባንያዎች ስላፈኑት ነው። በመካከሉም እንዶድንና የዶክተር አክሊሉ ለማን ስም ይጠራሉ። ጽሑፉ የታዘዘላችሁን መድኃኒት ተዉ አይልም፤ ይህን አለማለታቸው ሊመሰገኑበት ይገባል።

የጽሑፉ ምሰሶ ቀለበቱ ነውና ከእሱ ልጀምር። ይህ ፍተሻ የሚደረገው እንዲህ ነው። አጋር የሚባለው ከባሕር አረም የሚሠራ ረጋ ያለ ምግብ ክብ ሳህን ላይ በ4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይፈስሳል። በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 150 ሚሊዮን ያህል ባክቴሪያ የያዘ ብጥብጥ በጥጥ ዘንግ ሙሉውን ይቀባል። ከዚያም መድኃኒት የነካ ወረቀት ይቀመጥበታል፣ ወይም አጋሩ በ6 ሚሊ ሜትር ተበስቶ ንጥሩ ጉድጓዱ ውስጥ ይጨመራል። በ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያድር ባክቴሪያው ነጣ ያለ ስስ ልባስ ሆኖ ሳህኑን ይሸፍናል፤ መድኃኒቱ ደርሶ ያገደበት ቦታ ብቻ ጠርቶ ይቀራል። አንቲባዮቲክን በወረቀት የመፈተሹ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1966 ወጥ መልክ ከያዘ ጀምሮ (ሌላ ካልተባለ ዓመቶቹ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት ነው፤ የእኛም የየዕለት እንጀራ ነው።

ዘዴው የተሠራው ግን አንድን አንቲባዮቲክ ለዚያው አንቲባዮቲክ ከተቀመጠው መለኪያ ጋር ለማነጻጸር እንጂ፣ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እንደ ሯጮች ጎን ለጎን ለማሰለፍ አይደለም። አንቲባዮቲኮቹ እንኳ እርስ በርሳቸው በሚሊ ሜትር አይወዳደሩም። ስታፊሎኮከስ ኦውሬየስ የተባለውን የቁስልና የእባጭ ባክቴሪያ እንውሰድ። ብዙ ላብራቶሪዎች በሚከተሉት የአሜሪካ መመዘኛ መሠረት፣ ጄንታማይሲን በዚህ ባክቴሪያ ላይ ይሠራል የሚባለው ቀለበቱ 15 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው፤ ለሲፕሮፍሎክሳሲን ግን 21 ያስፈልጋል። ስለዚህ 18 ሚሊ ሜትር ስለካ በአንደኛው ፊት «ይሠራል» ብዬ እጽፋለሁ፣ በሁለተኛው ፊት «አጠራጣሪ ነው» እላለሁ። ቁጥሩ ያው አንድ ቁጥር ሆኖ ሳለ ፍርዱ የሚለያየው፣ የቀለበቱ ስፋት መድኃኒቱ በአጋሩ ውስጥ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚሰርግም ስለሚያሳይ ነው። ኮሊስቲን የተባለው ለከባድ ኢንፌክሽን የሚጠበቅ አንቲባዮቲክ ሞለኪውሉ ትልቅ በመሆኑ በአጋር ውስጥ እየተንቀራፈፈ ነው የሚሄደው፤ በዚህ የተነሣ በወረቀት ፍተሻ መዳኘቱ አስተማማኝ አይደለም። በዚህ ረገድ ለጸሐፊው የምሰጠው ነጥብ አለ፦ ዘይታማ ወይም ትልልቅ ሞለኪውል ያላቸው የዕፅዋት ንጥሮች ቀለበታቸው ጠብቦ ሳለ ኃይለኛ ሊሆኑ ይችላሉ። ሚዛኑ የሚያሳስተው በሁለቱም በኩል ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ጉዳይ መጠን ነው፤ ጽሑፉ ደግሞ ስለ መጠን አንድም ቃል የለውም። በአገራችን የመመረቂያ ጥናቶች የተለመደውን አሠራር ልጥቀስ። የደረቀና የተፈጨ ቅጠል ሜታኖል በሚባል የአልኮል ዓይነትና በውሃ ድብልቅ ይዘፈዘፋል፤ ተጣርቶ ፈሳሹ ከተነነ በኋላ የሚቀረው ዝልግልግ ወይም ዱቄት ንጥር እንደገና ይሟሟና በሚሊ ሊትር 200 ሚሊ ግራም ያህል እንዲሆን ይደረጋል። ከዚህ 100 ማይክሮ ሊትር ጉድጓዱ ውስጥ ቢጨመር 20 ሚሊ ግራም ንጥር ገባ ማለት ነው፤ ይህም 20,000 ማይክሮ ግራም ነው። የሲፕሮፍሎክሳሲኑ ወረቀት የያዘው 5 ማይክሮ ግራም ነው። ልዩነቱ 4,000 እጥፍ ነው። አንድ ኩንታል በርበሬ ከ25 ግራም ሚጥሚጣ ጋር አወዳድሮ «በርበሬው አቃጠለኝ፣ ሚጥሚጣው ደካማ ነው» እንደማለት ነው። እውነት ነው፣ ንጥር የብዙ ነገር ቅይጥ በመሆኑ የሚሠራው ንጥረ ነገር ከውስጡ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ ላይሞላ ይችላል፤ ያ ተለይቶ ቢወጣ ከአንቲባዮቲክ ጋር የሚፎካከር ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ነገር ግን ተለይቶ እስኪወጣ ድረስ ያለን ነገር «ሊሆን ይችላል» ነው፣ «በለጠ» አይደለም።

ጽሑፉ ያላነሣው ሌላም ጥያቄ አለ፦ ቀለበቱን የሠራው ቅጠሉ ነው ወይስ ቅጠሉ የሟሟበት ፈሳሽ? ይህን የምጠይቀው ስለተቀጣሁበት ነው። በተማሪነቴ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ የመጀመሪያዬን የቅጠል ፍተሻ ሳደርግ፣ 15 ሚሊ ሜትር ቀለበት አግኝቼ ደስታዬን አልቻልኩትም ነበር። አስተማሪዬ «የማሟሟያው የብቻው የታለ?» ሲሉኝ አልነበረኝም። በማግሥቱ ዲኤምኤስኦ የሚባለውን ማሟሟያ ውሃ ሳልቀላቅልበት ብቻውን ብጨምረው 13 ሚሊ ሜትር አጠራ። ከግኝቴ የቀረልኝ ሁለት ሚሊ ሜትር ነበር፤ ያም በማስመሪያ አያያዝ ሊጠፋ የሚችል ነው። ያልተነነ አልኮል ቀለበት ይሠራል፤ የሎሚ ጭማቂ በአሲድነቱ ብቻ ቀለበት ይሠራል፤ በረኪና ቢንጠባጠብበት ከሁሉም የሰፋ ቀለበት እንደሚሠራ አልጠራጠርም፤ በረኪናን ግን ማንም አይጠጣም። በነገራችን ላይ 6 ሚሊ ሜትር የሚል ውጤት ያለበት ሠንጠረዥ ካያችሁ፣ የተለካው ጉድጓዱ ራሱ ነው።

በዘርፉ የሚሠሩ ሰዎች ከቀለበት አልፈው የሚጠይቁት ባክቴሪያውን ለማገድ የሚበቃውን ዝቅተኛ መጠን ነው። ንጥሩ በፈሳሽ ምግብ ውስጥ በየደረጃው በግማሽ እየቀነሰ ይቀጥናል፤ ባክቴሪያው ያላደገበት የመጨረሻው ቅጥነት ይመዘገባል። አንድ ንጥር በሚሊ ሊትር ከ100 ማይክሮ ግራም በታች ሆኖ ካገደ ብዙ ተመራማሪዎች ቆም ብለው ያዩታል፤ ከ1,000 በላይ ካስፈለገው በአብዛኛው ያልፉታል። የጽሑፉ ሠንጠረዥ ይህ ዓምድ የለውም።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ፣ በሳህን የገደለ በሰውነትም ይፈውሳል ወደሚለው ልሻገር። እዚህ ላይ ከክርክር ይልቅ ስሌት ይቀለኛል። አንድ ንጥር ባክቴሪያን ለማገድ በሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ያስፈልገዋል እንበል፤ እንዲህ ያለ ውጤት በጥናቶች ውስጥ እንግዳ አይደለም። የአንድ ጎልማሳ ደም 5 ሊትር ያህል ነው። ይህን መጠን በደም ውስጥ ለማግኘት 50 ግራም የደረቀ ንጥር፣ ሆድ ሳይፈጨው፣ ጉበት ሳይሰባብረው፣ በአንድ ጊዜ ደም ውስጥ መግባት አለበት። ከቅጠሉ አንድ አሥረኛው ንጥር ሆኖ ቢወጣ ደግሞ ይህ ግማሽ ኪሎ ደረቅ ቅጠል ይፈልጋል። በአንጻሩ 500 ሚሊ ግራም ሲፕሮፍሎክሳሲን የዋጠ ሰው ደም ውስጥ የመድኃኒቱ መጠን ጣሪያው በሚሊ ሊትር 2.4 ማይክሮ ግራም አካባቢ ነው፤ መድኃኒቱ በቀላሉ ለሚጠቁ ባክቴሪያዎች ያ ይበቃል። በቆዳ ላይ በሚቀባ ነገር ግን ነገሩ ይለያል፤ እዚያ ብዙ መጠን በቀጥታ ቁስሉ ላይ ማድረስ ይቻላል። ለሕክምና ተብሎ የተዘጋጀ ማር በቁስል ላይ የሚሠራበትም ስለዚህ ነው። ጸሐፊው «ለቁስልና ለቆዳ» ብለው ቢወሰኑ ኖሮ ክርክራችን ግማሽ ይሆን ነበር።

የትውልድ ምስክርነቱስ? እዚህ ላይ ጸሐፊው ሳያስተውሉ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርገዋል። እናቴ ዳማከሴን በእጇ አሽታ፣ ጨምቃ፣ ከቡና ጋር ነው የምታጠጣን፤ ላብራቶሪው ደግሞ በሜታኖል ሦስት ቀን ይዘፈዝፈዋል። ሜታኖል የሚያወጣው ሁሉ በቡና ውስጥ አይገኝም፣ በትኩስ ጭማቂው ያለው ሁሉም ማድረቅን አይተርፍም። ስለዚህ የሳህኑ ውጤት፣ ጥሩም ሆነ መጥፎ፣ በእናቴ ስኒ ላይ አይፈርድም። ደግሞስ ዳማከሴ የሚሰጠው ለምች ነው። ምች ከምንለው ውስጥ ከትኩሳት ጋር ከንፈር ላይ የሚወጣው ቁስል ብዙውን ጊዜ ከሄርፐስ ቫይረስ የሚመጣ ነው፤ ለቫይረስ ደግሞ የባክቴሪያ ሳህን መልስ የለውም። ቅጠሉ ትኩሳት በማውረድ ረገድ በላብራቶሪ እንስሳት ተፈትሾ ተስፋ የሚሰጥ ምልክት አሳይቷል፤ የእናቴ ልምድ እውነት ከሆነ፣ ምክንያቱ ምናልባት ከዚያ በኩል ሊሆን ይችላል። ባክቴሪያን አልገደለም ማለት አልጠቀመም ማለት አይደለም፤ ይህን ጸሐፊው ቢሉት ኖሮ ከጎናቸው እቆም ነበር። በሌላ በኩል ብዙ በሽታ ምንም ባይሰጠው በሳምንት ውስጥ ይለቃል፤ የዳነው ሰው ቅጠሉን ያመሰግናል፣ ያልዳነው ሰው ግን ምስክርነት አይሰጥም።

ልምድ የት መፈለግ እንዳለብን መጠቆሙን አልክድም። ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ያገኙበት የወባ መድኃኒት አርቴሚሲኒን የተገኘው፣ በ4ኛው ምዕተ ዓመት የተጻፈ ምክር ቅጠሉ በውሃ ተዘፍዝፎ ተጨምቆ እንዲጠጣ እንጂ እንዲፈላ አለማዘዙን በማስተዋላቸው ነው፤ ሙቀት ያጠፋዋል ብለው በመጠርጠር በ1971 በዝቅተኛ ሙቀት ኤተር በተባለ ማሟሟያ አወጡት። ከዚያ በኋላ ግን ፎቶ አንሥተው አልበተኑም፤ በአይጥና በጦጣ ሞከሩት፣ እሳቸውና ባልደረቦቻቸው ራሳቸው ወስደው ጉዳቱን ፈተሹት፣ ከዚያ ነው ወደ ሕሙማን የሄዱት። እንዶድም እንዲሁ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 ዐድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ለእሳቸው የጥያቄው መነሻ ነበሩ፤ በላብራቶሪ ፈተሹ፣ ቀጥሎም በቀንድ አውጣ በኩል የሚዛመተውን ቢልሃርዚያን ለመከላከል በዚያው በዐድዋ ለዓመታት የዘለቀ የመስክ ሙከራ ተካሄደ። ጸሐፊው የጠሩት ምስክር የሚመሰክረው ለእኔ ወገን ይመስለኛል።

በሦስተኛው ነጥብ ላይ ብዙ አልቆይም፤ አንባቢም መልሱን ያውቀዋል። እንዶድን አረፋ የሚያስወጣው ሳፖኒን የተባለ ንጥረ ነገር ዓሣን ይገድላል፣ ቀይ የደም ሕዋስንም ያፈርሳል። ኮሶ በብዛት ሲወሰድ ዓይንን እስከመጉዳት እንደሚደርስ በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል፤ አባቶቻችንም ኮሶ ሲጠጡ መጠኑን የሚፈሩት በከንቱ አልነበረም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ብራስልስ ውስጥ ውፍረት ለመቀነስ የተሰጠ የቻይና ቅጠላ ቅጠል ክኒን፣ አሪስቶሎኪያ የተባለ ተክል ገብቶበት በመገኘቱ የብዙ ሴቶችን ኩላሊት ከጥቅም ውጭ አድርጓል። አንቲባዮቲክም ይጎዳል፤ ጄንታማይሲን ጆሮንና ኩላሊትን እንደሚጎዳ ማንም ነርስ ይነግራችኋል። ልዩነቱ የጄንታማይሲን ጉዳት በየትኛው መጠን እንደሚጀምር መታወቁ ነው።

አራተኛው፣ ባክቴሪያ ቅጠልን አይላመድም የሚለው፣ በከፊል ትክክል የሆነ ሐሳብ በተሳሳተ ድምዳሜ የቀረበበት ነው። በርቤሪን የተባለውን ከብዙ ዕፅዋት የሚገኝ ቢጫ ንጥረ ነገር ስታፊሎኮከስ ኦውሬየስ ገና ሲገባበት ያውቀዋል፤ በሽፋኑ ላይ ባለው ኖር-ኤ በተባለ ፓምፕ እየመጠጠ ወደ ውጭ ይተፋዋል። ኢ. ኮላይ የተባለው የአንጀት ባክቴሪያና መሰሎቹ ደግሞ ተጨማሪ የውጭ ሽፋን ስላላቸው አብዛኛው የቅጠል ንጥር እነሱ ላይ ሲደርስ ይዳከማል፤ በሆስፒታል የሚያስቸግሩን ብዙዎቹ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች ከዚህ ወገን መሆናቸውን ልብ በሉ። ከተክል የተገኘው አርቴሚሲኒንም ቢሆን ካምቦዲያ ውስጥ የወባ ጥገኛ ሲላመደው ታይቷል፤ አሁን በምሥራቅ አፍሪካም ምልክቱ አለ። ነገር ግን በ2000 የታተመ አንድ ግኝት ለጸሐፊው ሐሳብ ያደላል፦ በርቤሪን የሚሠሩ አንዳንድ ዕፅዋት ከእሱ ጋር ይህንኑ የባክቴሪያ ፓምፕ የሚዘጋ ሌላ ንጥረ ነገርም ይሠራሉ። ብቻውን ባክቴሪያ የማይገድል፣ ለሌላው ግን በር የሚከፍት ረዳት ነው። እኔ ጸሐፊውን ብሆን ጽሑፌን የምጀምረው ከዚህ ነበር። የቅይጥ ጥቅም መላመድን ማዘግየት ሊሆን ይችላል፤ «ፈጽሞ አይላመድም» ለማለት ግን ከዚህ ውስጥ የሚያስችለን ነገር የለም።

የመጨረሻው የኩባንያዎቹ ነገር ነው። ጥርጣሬው ከመሬት አልተነሣም። እንዶድን የአሜሪካው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ቀንድ አውጣ መሰል የውሃ ተባይ ለመግደል ሲል የፈጠራ መብት ወስዶበታል፤ የጤፍ ዱቄት ላይ በሆላንድ የተወሰደውም መብት በፍርድ ቤት ውድቅ እስኪሆን ድረስ ዓመታት ፈጅቷል። የዘረ መል ሀብትንና የማኅበረሰብ ዕውቀትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) የወጣው ያለ ምክንያት አይደለም። ዶክተር አክሊሉም በውጭ ተቋማት ዘንድ ተቀባይነት ለማግኘት ለረጅም ዓመታት ታግለዋል። ሆኖም መስረቅና ማፈን ሁለት የተለያዩ ክሶች ናቸው፤ የሚሰርቅ ሰው ሸቀጡን ሊሸጠው እንጂ ሊቀብረው አይሰርቅም። ዕፅዋት ገንዘብ የሚያስገኙ በሚመስሉበት ቦታ ኩባንያዎች ገብተውበታል። የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2006 ከአረንጓዴ ሻይ ቅጠል የተሠራ ቅባት፣ በ2012 ደግሞ ከአንድ የደቡብ አሜሪካ ዛፍ ቀይ ደም መሰል ፈሳሽ የተሠራ የተቅማጥ መድኃኒት ፈቅዷል። የዚያ ዛፍ ወገን ክሮተን ነው፤ የእኛ ብሳናም ክሮተን ነው። በአንጻሩ በአንቲባዮቲክ ገበያ ያለው ችግር ትርፍ ማጣት ነው፦ አካኦጀን የተባለው ኩባንያ አዲስ አንቲባዮቲክ በ2018 አስፈቅዶ ዓመት ሳይሞላው፣ በሚያዝያ 2019 የኪሳራ መዝገብ ከፈተ። የተፈቀደ መድኃኒት ይዞ የከሰረ ኩባንያ ባለበት ገበያ ገና ያልተለየን ንጥር ለማፈን የሚደክም ሰው አይታየኝም፤ ለማሳደግ የሚደክም መጥፋቱ ነው ችግሩ።

እኛ ዘንድም ያለው ክፍተት ከዚሁ ይመሳሰላል። የቅጠል ፍተሻ ለመመረቂያ የሚመች ርካሽ ሥራ በመሆኑ በየዓመቱ ይሠራል፤ ቀለበቱ ይለካል፣ «ለወደፊቱ ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል» ተብሎ ይዘጋል፤ የሚቀጥለው ተማሪም ከሌላ ቅጠል እንደገና ከቀለበት ይጀምራል። ንጥሩን ክፍል በክፍል እየለዩ የሚሠራውን ማግኘት፣ በእንስሳት ላይ መርዛማነቱን መፈተሽ ገንዘብም ዓመታትም ይፈልጋል፤ ይህን የሚያደርጉ የአገር ውስጥ ባለሙያዎች አሉ፣ ግን ጥቂት ናቸው። የጸሐፊው ቁጣ ወደዚህ ቢዞር ደስ ይለኛል።

ስለዚህ ጸሐፊውን በአክብሮት የምጠይቃቸው አለ። ሠንጠረዡን ያገኙበትን ሙሉ ጥናት ቢያካፍሉን፣ ቅጠሉ በብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ማኅደር) ተለይቶ ናሙናው መቀመጡን፣ ባክቴሪያው እንደ ኢ. ኮላይ ኤቲሲሲ 25922 ያለ፣ ላብራቶሪዎች ለማነጻጸሪያ የሚጠቀሙበት የታወቀ ዘር መሆኑን፣ ጉድጓዱ ውስጥ ስንት ሚሊ ግራም እንደገባ እናያለን። እናቴም ትጠብቃለች። እኔ ግን ሠንጠረዡ ሲደርሰኝ መጀመሪያ የምፈልገው 24 የሚለውን አይደለም፤ ማሟሟያው ብቻውን የተፈተሸበትን ረድፍ ነው።